የካርቦን ሰዎች ወደ ጫካችሁ ሲመጡ፦ ከመፈረማችሁ በፊት

አንድ ቀን መኪና ይመጣል። ጨዋ ሰዎች ይወርዳሉ፣ ሽማግሌዎቹን ጎንበስ ብለው ሰላም ይላሉ፣ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ይጠይቃሉ። ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ይገባሉ። «ጫካችሁን እስከ ዛሬ እንደጠበቃችሁት ጠብቁ፤ እኛ ደግሞ ገንዘብ እንከፍላችኋለን» ይላሉ። መሬት አይሸጥም፣ ዛፍ አይቆረጥም፣ የሚሸጠው ካርቦን የሚባል የማይታይ ነገር ነው። እንዲህ ተብሎ ማን እምቢ ይላል?

ጥቂት ወራት ቆይቶ ወረቀቱ ይመጣል። ስልሳ ሰባ ገጽ። ሽማግሌዎቹ ያገላብጡትና ፊደል የቆጠረውን ልጅ ጠርተው «እስቲ ምን እንደሚል አንብብልን» ይሉታል። ይህን የምጽፈው ለዚያ ልጅ ነው። ለዚያች ልጅም።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። የካርቦን ውል ሁሉ ሌብነት ነው ከሚሉት ጋር አይደለሁም፤ በሥርዓት ተሠርቶ ሰው የጠቀመም አለ፣ ወደታች እጠቅሳለሁ። «ነጻ ገንዘብ ነው፣ ፈርሙና ተገላገሉ» ከሚሉትም ጋር አይደለሁም። የኔ ነገር አንድ ነው። የአየር ንብረቱ ከዓመት ዓመት እየተለዋወጠ ነው፤ ውሉ ግን ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ባለበት ይቆማል። በጫካ የሚተዳደር ሰው ደግሞ የሚኖረው ወቅቱን እየተከተለ፣ አንዱ ሲነጥፍ ወደ ሌላው እየዞረ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ስታነቡ «ስንት ይከፍሉናል?» ከማለታችሁ በፊት «ነገ ዝናቡ ቢሸሽብን ምን እንዳናደርግ ያስረናል?» በሉ።

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሚሸጠው ምንድን ነው?

ዛፍ ሲያድግ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፣ ካርቦኑን በግንዱ፣ በቅርንጫፉና በሥሩ ያስቀምጣል። የደረቀ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ሲቃጠል ወይም ሲበሰብስ ተመልሶ ወደ አየር ይሄዳል፤ 1 ቶን ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ወደ 3.67 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ገበያው ላይ አንድ ክሬዲት ማለት 1 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የሚገዛው ብዙ ጊዜ ሩቅ ያለ ኩባንያ ነው፦ አውሮፕላን የሚያበር፣ ነዳጅ የሚያወጣ፣ ዕቃ የሚያመርት። ክሬዲቱን ይገዛና «እኔ ያጨስኩት እዚያ ማዶ ባለው ጫካ ተካክሷል» ይላል።

እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። የቆመ ጫካ ስለቆመ ብቻ አይከፈልበትም። በአብዛኛው የሚከፈለው «ፕሮጀክቱ ባይመጣ ኖሮ ይህን ያህል ይጨፈጨፍ ነበር» ለተባለው ልዩነት ነው። ይህን ግምት መነሻ ስሌት እንበለው። አንድ ሰው መጥቶ «ዘንድሮ አሥር ጊዜ ልሰክር ነበር፣ ሁለቴ ብቻ ነው የሰከርኩት፣ ስለዚህ የስምንቱን ክፈሉኝ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? አሥር ጊዜ ሊሰክር እንደነበር ማን አየ?

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ጫካውን ለዘመናት በደንብ የጠበቀ ሕዝብ በዚህ ስሌት የሚያገኘው ትንሽ ነው፣ ምክንያቱም የሚቀንሰው ጥፋት የለውም። የተገለበጠ ፍርድ ነው፤ አሠራሩ ግን እንዲህ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ክሬዲቱ እንዲበዛ መነሻው መጥፎ መምሰል አለበት፣ መጥፎ እንዲመስል ደግሞ አንድ አጥፊ ያስፈልጋል፣ እና ያ አጥፊ ሆኖ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ማን መሰላችሁ? እናንተው። የማር ቆራጩ ጭስ፣ የአያት ማሳ፣ የእናት ማገዶ። ስለዚህ ከውሉ ሌላ የፕሮጀክቱን ዋና ሰነድ ጠይቁ። ረጅምና አሰልቺ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ላይም ይለቀቃል። የደን መመናመን ምክንያቶችን የሚዘረዝረውን ክፍል አውጡና ስለ ራሳችሁ ምን እንደተጻፈ አንብቡ። ውሸት ካለበት በጽሑፍ አስተካክሉ። ያ ገጽ ነገ ከጫካው ሊያስወጣችሁ በሚፈልግ ሰው እጅ ከገባ ማስረጃ ይሆናል።

ስሌቱ ሲጋነን ጉዳቱ ዞሮ መንደር ይገባል። በ2023 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በ6 አገሮች የሚገኙ 26 የደን ካርቦን ፕሮጀክት ቦታዎችን መርምሮ አብዛኞቹ ጭፍጨፋን ይህ ነው በሚባል መጠን እንዳልቀነሱ ጻፈ። ገዢዎች ተጠራጠሩ፣ ገበያውም ቀዘቀዘ። ገዢ ከመሰለው ጥሎ ይሄዳል፤ ለሠላሳ ዓመት የፈረመ መንደር የት ይሄዳል?

መኪናው ሳይመጣ

አንድ ወፍራም ደብተር ያዙ። በግራው ገጽ ጫካ ውስጥ የምታደርጉትን ሁሉ ጻፉ፦ ማር ከየትኛው ዛፍ፣ በየትኛው ወር፤ መድኃኒት ቅጠልና ሥር ማን፣ ከየት ይለቅማል፤ ድርቅ ሲሆን ከብቱ ወዴት ይገባል፤ የቤት እንጨት፣ የመቃብር ቦታ፣ ለጸሎት የሚኬድበት ዛፍ። ሽማግሌዎችን ብቻ አትጠይቁ። ስለ ማገዶ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ እንጉዳይና ስለ ቅጠላ ቅጠል የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው። እረኛ ልጆችም ማንም የማያውቀውን ያውቃሉ። ስብሰባ ላይ የሚነሳው አደንና ግንድ ቆረጣ ነው፣ የሴቶቹ ለቀማ ግን ተረስቶ ይቀራል፤ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ደግሞ ሲያሻቸው «አልተፈቀደም» ይባላል።

በቀኙ ገጽ የተለወጠውን ጻፉ። ይህ አበባ ድሮ መቼ ነበር የሚፈነዳው፣ አሁንስ? የትኛው ምንጭ ደረቀ? የትኛው ፍሬ ሁለት ዓመት ዘለለ? ይህን ገጽ አትናቁት። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉ የበለጠ የመደራደሪያ ጉልበት ያለው እሱ ነው፤ ምክንያቱም መተዳደሪያችሁ ወዴት እየሸሸ እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በአማዞን የብራዚል ነት የሚባለውን ለውዝ ከጫካ እየለቀሙ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ዛፉ የሚያፈራው በደህና ጫካ ውስጥ ነው፤ ተክሎ እርሻ ማድረግ አስቸጋሪ ነው። በ2015 እና በ2016 ኤልኒኞ ከባድ ድርቅ አመጣ። ፍሬው ከአበባ እስከ ብስለት ከዓመት በላይ ስለሚወስድበት ኪሳራው የታየው ድርቁ ያለፈ ከመሰለ በኋላ ነው፦ የ2017 ምርት ወደቀ። ዛፍ አልተቆረጠም። ካርቦኑ እዚያው ቆሟል። በሳተላይት ለሚያይ ሰው ጫካው ሰላም ነው፣ ለቃሚው ቤት ግን ጆንያው ባዶ ነው። እንዲህ ባለ ዓመት ሰው ወደ ዓሣ፣ ወደ ትንሽ ማሳ፣ ወደ ሌላ ፍሬ ይዞራል። ውላችሁ ይህን መዞር ቢከለክልስ?

ከደብተሩ ቀጥሎ ካርታ ነው። ተራ ስማርትፎን ላይ ያለ ጂፒኤስ ይበቃል፣ ኔትወርክ በሌለበትም ነጥብ ይይዛል። ድንበራችሁን በእግር ዙሩ፣ ስትዞሩ ግን የጎረቤት መንደር ሰዎች አብረዋችሁ ይሂዱ። ከጎረቤት ጋር ያልተቋጨ ድንበር ላይ የካርቦን ገንዘብ ሲወርድበት የሚሆነውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ደግሞ ሁለት ካርታ ይኑራችሁ፦ የቤት ካርታና የውጭ ካርታ። ብርቅዬ መድኃኒት የሚበቅልበትና የምታመልኩበት ቦታ ውጭ የሚወጣው ላይ አይቀመጥ። እሱን ለማንም የማሳየት ግዴታ የለባችሁም።

ከዚያ መሬቱ። መሬቱ የማን ነው? ዛፉ የማን ነው? ካርቦኑስ? ሦስቱ በብዙ አገር ሕግ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፣ አንዳንዱ ሕግ ሦስተኛውን ጨርሶ አያነሳውም። የይዞታ ወረቀት ሳይኖር የካርቦን ውል መፈረም በሰው ግቢ ቤት መሥራት ነው። በታንዛኒያ ያኤዳ ሸለቆ የሚኖሩት ሃድዛዎች በአደንና በለቀማ የሚተዳደሩ ሕዝቦች ናቸው። በ2011 የጋራ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ አገኙ፤ የካርቦን ሽያጫቸው የቆመው በዚያ ወረቀት ላይ ነው፣ ጫካውን የሚጠብቁትም ከራሳቸው መካከል የተቀጠሩ ሰዎች ናቸው። በህንድ ማሃራሽትራ ደግሞ ሜንዳ ሌካ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በ2006ቱ የደን መብቶች ሕግ ተጠቅማ በ2009 የጋራ የደን መብቷን አስከበረች፣ በ2011 ቀርከሃዋን ራሷ መሸጥ ጀመረች። ካርቦን የሚባል ነገር ሳታነሳ። ይዞታ ሲኖር ካርቦን ከብዙ አማራጮች አንዱ ብቻ ይሆናል።

ወረቀት ብቻውን ግን እንደማይበቃም ልናገር። በኬንያ ጫካ የሚኖሩት ኦጊዬክ የሚባሉ ሕዝቦች ከማው ጫካ በመባረራቸው እስከ አፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱ በሜይ 2017 ፈረደላቸው፤ ጫካውን ያራቆቱት እነሱ ናቸው የሚለውንም ክስ አልተቀበለም። በ2022 ካሳ ተወሰነላቸው። በኖቬምበር 2023 ደግሞ ቤታቸው ሲፈርስ እንደገና ታየ። ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። ማንም «ሕጉ ይጠብቃችኋልና አታስቡ» ሲላችሁ ፈገግ ብላችሁ ማለፍ እንድትችሉ ነው።

ማን ይፈርማል?

የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ በሴፕቴምበር 13 ቀን 2007 ሲጸድቅ 144 አገሮች ደገፉት፣ 4 ተቃወሙት፤ አራቱም ቆይተው ሐሳባቸውን ቀየሩ። እዚያ ውስጥ ያለው ትልቁ ሐረግ «ነጻ፣ አስቀድሞ የተሰጠና በመረጃ ላይ የተመሠረተ ስምምነት» ነው። የካርቦን ኩባንያዎች ሁሉ ይህን ሐረግ በቃላቸው ይዘውታል። እናንተ ደግሞ ቃል በቃል በትኑት።

ነጻ ማለት ወታደርም፣ የመንግሥት ሹምም፣ የስጦታ ጆንያም አጠገብ ሳይኖር ማለት ነው። «አስቀድሞ» ሲባል ሥራው ሳይጀመር ነው፤ ዛፍ እየለኩ ሰው ከቀጠሩ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ማስታወቂያ ነው፣ ምክክር አይደለም። «በመረጃ» ሲባል ደግሞ ሽማግሌዋ በምታስብበት ቋንቋ፣ መጥፎውም ጎኑ ተነግሯት ማለት ነው። እና ስምምነት «አይሆንም»ንም ይጨምራል። እምቢ ማለት የማይቻልበት ጥያቄ ትእዛዝ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የተለመደ ወጥመድ ነው። ስብሰባ ትገባላችሁ፣ ወረቀት ይዞራል፣ ስማችሁን ጽፋችሁ ትፈርማላችሁ። የመገኘት ፊርማ ነው ተብሏል። ከዓመት በኋላ ያው ወረቀት «ማኅበረሰቡ ተስማምቷል» ተብሎ ከሰነዱ ጀርባ ተያይዞ ሊገኝ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ በትልቁ «ይህ ፊርማ ስብሰባ ላይ ለመገኘት ብቻ ነው» ብላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ፎቶ አንሱት። ሰዎቹ ቅር ካላቸው ቅር ያላቸው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሌላው ወጥመድ ሰው መምረጥ ነው። ኩባንያው የሚቸኩል ከሆነ የሚፈርም አንድ ሰው ይበቃዋል፣ እናንተን ግን አይበቃችሁም። በኮሎምቢያ አማዞን የፒራ ፓራና ሕዝቦች ስማቸው ላይ ስለተሠራ የካርቦን ፕሮጀክት ሲከሱ ካነሷቸው ነገሮች አንዱ ውሉን የፈረመው ሰው እነሱን የመወከል ሥልጣን አልነበረውም የሚል ነው። ነገሩ እስከ አገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ፍርድ ቤቱም በ2024 መብታቸው መጣሱን ወሰነ። አሸነፉ። ግን ስንት ዓመት፣ ስንት መንገድ። ስለዚህ አሁኑኑ፣ ገንዘብ ሳይሸት፣ በጉባኤ ተቀምጣችሁ ቃለ ጉባኤ ያዙ፦ የጋራ ነገር የሚፈርሙት እነ እገሌ ናቸው፣ ከመካከላቸው ይህን ያህሉ ሴቶች ናቸው፣ ብቻውን የፈረመ ሰው ፊርማ እኛን አያስርም። ኮፒውን ኩባንያው ገና በመጀመሪያው ቀን ይውሰድ።

ወረቀቱን ከኋላ ጀምሩ

ውል የሚነበበው ከኋላ ነው። ፊት ገጾች ላይ ሰላምታ፣ ራዕይ፣ «የምድራችን ጤና» ነው ያለው። ገንዘቡና ክልከላው አባሪ ውስጥ ነው። አባሪው ካልመጣ ውሉ አልመጣም በሉ።

ክልከላዎቹን መጀመሪያ ፈልጉ። «ዘላቂ ያልሆነ አጠቃቀም የተከለከለ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ ቁሙ። ዘላቂ ያልሆነው የትኛው ነው? የሚወስነው ማነው? እንዲህ ያለ ላላ ቃል ዛሬ ለማንም አይከብድም፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ሌላ ሥራ አስኪያጅ ይመጣና ማር መቁረጥም ይገባበታል ይላችኋል። ደብተራችሁን አውጡና የተፈቀደውን በስም አስጽፉ፦ ማር፣ ለቀማ፣ ማገዶ፣ ግጦሽ፣ የቤት እንጨት፣ ሥርዓተ አምልኮ። አንድ በአንድ። «ወዘተ» አትቀበሉ፤ ወዘተ ሁልጊዜ ለጠበቃው ነው የሚጠቅመው።

ከዚያ ይቺን አንቀጽ አስገቡ። እንደ ወረደ ውሰዷት፣ ጠበቃ ያሳምራት፦

«ድርቅ፣ ጎርፍ፣ ሰደድ እሳት፣ ተባይ ወይም የወቅቶች መዛባት የማኅበረሰቡን መተዳደሪያ ሲጎዳ ማኅበረሰቡ በራሱ ጉባኤ ወስኖ የደን አጠቃቀሙን ማስተካከል ይችላል። ይህ ውል እንደማፍረስ አይቆጠርም፣ ቅጣትም አያስከትልም። ሁለቱ ወገኖች በየሦስት ዓመቱ ተገናኝተው የተፈቀዱ አጠቃቀሞችን ዝርዝር ይከልሳሉ።»

ኩባንያው ይህን ሲያይ ፊቱ ቢጠቁር አይግረማችሁ፣ ምክንያቱም የሚሸጠው ዕቃ እርግጠኝነት ነው። ግን ከሁሉም ነገር አንዱን ብቻ ይዛችሁ ክችም በሉ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

እሳት ለብቻው ይታይ። ብዙ ሰነድ እሳትን በጅምላ ይከለክላል። ጫካውን የሚያውቅ ሰው ግን እሳት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ያውቃል። በሰሜን አውስትራሊያ ምዕራብ አርነም ላንድ ነባሮቹ ሕዝቦች በደረቁ ወቅት መጀመሪያ፣ ሣሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ ትንንሽ ቀዝቃዛ እሳት እያነሱ መሬቱን ቆራርጠው ያቃጥላሉ። እንዲህ ሲደረግ በወቅቱ መጨረሻ የሚነሳው ትልቁ እሳት የሚበላው ያጣል፣ ጭሱም ይቀንሳል። በ2006 በተጀመረ ስምምነት 28,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚያህል መሬት ላይ ለዚሁ ሥራ ይከፈላቸው ጀመር። ልብ በሉ፣ የተከፈላቸው ልማዳቸውን ስለተዉ አይደለም፣ ስለቀጠሉ ነው። «እሳት የተከለከለ ነው» የሚል አንቀጽ እዚያ ቢኖር ኖሮ ሥራው ራሱ ወንጀል ይሆን ነበር።

ዓመቱን ተመልከቱ። የደን ካርቦን ፕሮጀክት ከ20 እስከ 100 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ጉባኤው ላይ ያለውን ትንሹን ሕፃን ፈልጉና ውሉ ሲያልቅ ስንት ዓመቱ እንደሚሆን ቁጠሩ። እኔ የማውቀው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ ሽማግሌዎች ቁጥር ሲነገራቸው ዝም ይላሉ፣ ሕፃኑን ሲያዩ ግን ጥያቄ ይጀምራሉ።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ፈልጉ፦ «ከጠቅላላ ሽያጭ» ነው የሚለው ወይስ «ከተጣራ ትርፍ»? ለምሳሌ ሽያጩ 100 ነው እንበል። ኩባንያው ለልኬታ፣ ለኦዲት፣ ለምዝገባ፣ ለጉዞ፣ ለቢሮ ብሎ 55 ቀነሰ። ቀረ 45። «60 በመቶው የናንተ ነው» ብሎ ያስጨበጨበው ድርሻ 27 ሆነ ማለት ነው። ከጠቅላላው 30 በመቶ ብቻ የሰጠ ሌላ ኩባንያ ግን 30 ይሰጣችኋል። ጭብጨባው ለ60 ነበር። የወጪ ጣሪያ ይኑር፣ ደረሰኝ ይታይ፣ ክሬዲቱ ለማን በስንት እንደተሸጠ በጽሑፍ ይነገር። «የንግድ ምስጢር ነው» ካሉ በገዛ ጫካችሁ ላይ ከእናንተ የሚደበቅ ምስጢር ሊኖር ነው ማለት ነው። ደግሞም ገንዘቡ እንደ ደመወዝ በየወሩ አይመጣም። ልኬታና ማረጋገጫ በየጥቂት ዓመቱ ነው የሚደረገው፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይቆያል። በመሀል ቤተሰብ በምን ይኖራል? ቅድሚያ ክፍያ ካለ ብድር ነው ወይስ ክፍያ? ይህን ሳይጠይቁ በደስታ የሚፈርሙ አሉ።

አደጋው የማነው?

የአየር ንብረት ለውጡ ራሱ ጫካውን የሚያቃጥልበት ዘመን ላይ ነን። በ2023 አማዞን በታሪኩ ከታዩት ከባድ ድርቆች አንዱን አየ፤ የቴፌ ሐይቅ ውኃ ከ39 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቆ ከ100 በላይ ዶልፊኖች ሞቱ፣ በወንዝ ብቻ የሚገናኙ መንደሮች ተቆራረጡ። እናንተ ያላነሳችሁት እሳት፣ እናንተ ያላመጣችሁት ድርቅ ካርቦኑን ቢያጠፋው ማን ይከፍላል? ለዚህ ተብሎ ከሚመዘገቡት ክሬዲቶች የተወሰነው ሳይሸጥ በጋራ መጠባበቂያ ይቀመጣል። አደጋው ሲከብድ ይህ መጠንም ይጨምራል። መጠባበቂያው የሚቀነሰው ከማን ድርሻ እንደሆነ አንብቡ። ከዚያ «ማኅበረሰቡ ጉዳቱን ይተካል» የሚል መስመር ካለ ይሰረዝ። ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

ሌላ ሰው የሚያመጣው አደጋም አለ። በብራዚል የፓይቴር ሱሩዊ ሕዝብ ከነባር ሕዝቦች የመጀመሪያ ከሚባሉት የደን ካርቦን ፕሮጀክቶች አንዱን ራሱ አቁሞ በ2013 ክሬዲት ሸጠ። ጎበዝ ሥራ ነበር። ግን ሕገወጥ እንጨት ቆራጮችና ማዕድን ፈላጊዎች መሬታቸው ውስጥ ገቡ፣ የቻላቸው የለም፣ ጭፍጨፋው ጨመረ፣ በ2018 ፕሮጀክቱ ቆመ። መንግሥት ድንበር ካልጠበቀ፣ ኩባንያው ለጥበቃ ካልከፈለ፣ አንድ መንደር ብቻውን ጠመንጃ የያዘ ማዕድን ቆፋሪ ሊያባርር አይችልም። ስለዚህ ውሉ «ወራሪ ሲገባ ኩባንያው ምን ያደርጋል፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ በማን ወጪ» የሚለውን ይመልስ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ኩባንያው ውሉን ለሌላ ኩባንያ መሸጥ የሚችል ከሆነ ያለ እናንተ ፈቃድ አይሁን። ክርክር ሲነሳ ችሎቱ ባሕር ማዶ ከሆነ እናንተ አትሄዱም፣ እነሱም ይህን ያውቃሉ። በሁለት ቋንቋ ከተጻፈ የትኛው እንደሚበልጥ ይጻፍ፣ የምታነቡት ይብለጥ። መውጫ በር ይኑረው፦ ለምሳሌ ሁለት ዓመት ካልከፈሉ ውሉ በራሱ ይፍረስ። እና የራሳችሁ ጠበቃ ያዙ። ኩባንያው «ጠበቃ እኛ እንከፍልላችኋለን» ካለ ጥሩ ነው፣ ይክፈል፤ ጠበቃውን የምትመርጡት ግን እናንተ ናችሁ።

ገንዘቡ ከመጣ

በኬንያ ጋዚ የባሕር ወሽመጥ ሚኮኮ ፓሞጃ የሚባል የማንግሮቭ፣ ማለትም በባሕር ዳር ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ፣ ፕሮጀክት አለ። 117 ሄክታር ነው፣ ትንሽ። በዓመት የሚሸጠው 3,000 ቶን ገደማ ነው። ገንዘቡ ውኃ ለማስገባትና ለትምህርት ቤት ዋለ፣ በምን ይዋል የሚለውን የወሰኑት ነዋሪዎቹ ናቸው። እኔ ይህን የምወደው ትንሽ ስለሆነ ነው። ማንም ሚሊየነር እንደሚሆን አልተነገረውም፤ ቧንቧው ግን ይታያል። ገንዘቡን ለየቤቱ ማካፈል ወይስ ለጋራ ማዋል የሚለው የናንተ ጉዳይ ነው፤ እኔ የምለው ገንዘቡ ሳይመጣ ወስኑ፣ ሒሳቡም በየሦስት ወሩ ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የድሃዋ ባልቴት ድርሻ የት እንደገባ በዚያ ይታወቃል።

እምቢ ካላችሁስ?

እምቢ ማለት ይቻላል፣ «ገና ነን» ማለትም ይቻላል። አገርም ያደርገዋል፦ ፓፑዋ ኒው ጊኒ በ2022 አዳዲስ የበጎ ፈቃድ ካርቦን ፕሮጀክቶችን አግዳ ሕጉን ለማስተካከል ተቀምጣ ነበር፤ ያቺው አገር እኮ ናት በ2005 ከኮስታ ሪካ ጋር ሆና ለደን ጥበቃ ይከፈል የሚለውን ሐሳብ ለዓለም ጉባኤ ያቀረበችው። «ዕድሉ የሚያልፈው በዚህ ወር ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የሚያልፈው የሱ ኮሚሽን እንጂ ጫካው አይደለም።

ሌላ ገንዘብም አለ፣ ግን ብዙ አትጠብቁ። በ2021 በግላስጎው በተደረገው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች የመሬት መብት 1.7 ቢሊዮን ዶላር ቃል ተገባ። ለጋሾቹ ራሳቸው ባወጡት ዘገባ በመጀመሪያው ዓመት በቀጥታ ለነዚህ ሕዝቦች ድርጅቶች የደረሰው 7 በመቶ ነው። የቀረው በመካከለኞች በኩል ሄደ። በቀጥታ ለመቀበል የተመዘገበ ማኅበር፣ የባንክ ሒሳብና ንጹሕ ደብተር ያስፈልጋል። ካርቦን ብትሸጡም ባትሸጡም እነዚህን ሦስቱን አዘጋጁ፤ ማር በጋራ ለመሸጥም ያው ሦስቱ ናቸው የሚጠየቁት።

ለመፈረም ከወሰናችሁ የመጨረሻውን ሥራ እንዲህ ሥሩት። ውሉ በጉባኤ ፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ በቋንቋችሁ፣ ሁለት ቀን ቢፈጅም። አንባቢው አንድ አንቀጽ በጨረሰ ቁጥር ከተሰብሳቢው አንድ ሰው ተነስቶ የገባውን በራሱ አባባል ይናገር። ያልገባ ካለ ወደ ኋላ ተመለሱ። ከዚያ አንድ ሌሊት አሳድሩት። በነጋታው ከፈረማችሁ የእያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሱ፣ ሦስት ኮፒ አውጡና በሦስት የተለያዩ ቤቶች አስቀምጡ፣ አንዱ ጣሪያው የማያፈስ ይሁን።